በሻርሎት ማክሴኬ ዱካ፦ ከጆሃንስበርግ እስከ ብሉምፎንቴን የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ነሐሴ 1፣ ጆሃንስበርግ

አዲስ አበባን በነሐሴ ዝናብ ትቻት ወጥቼ ጆሃንስበርግ ስደርስ የተቀበለኝ ደረቅ ብርድ ነው። እዚህ ክረምት ማለት ዝናብ ማለት አይደለም፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሣሩ ቢጫ ሆኖ፣ ጥላ ውስጥ የገባ ሰው የሚንቀጠቀጥበት ወቅት ነው። የአክስቴ ልጅ ሻንጣዬን ከመቀበሉ በፊት ወፍራም ጃኬት አቀበለኝና «እትዬ፣ ፀሐዩን አይተሽ እንዳትታለዪ» አለኝ። እሱ ከሆሳዕና ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ እዚህ ከደረሰ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ዛሬ በመሀል ከተማ፣ ብዙው ሐበሻ በሚነግድበት ጄፒ፣ ብርድ ልብስና መጋረጃ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው።

የመጣሁበት ጉዳይ የታሪክ አስተማሪነቴ ያስጀመረኝ ነው። ተማሪዎቼ የማንዴላን ስም ያውቃሉ፤ ከማንዴላ መወለድ በፊት ትግሉን የጀመሩትን ሴት ግን አንዳቸውም አያውቁም፤ እኔም ያወቅኋቸው ዘግይቼ ነው። ወይዘሮ ሻርሎት ማንዬ ማክሴኬ ከደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ባለቤት፣ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሴቶች የፖለቲካ ማኅበር መሥራች፣ በጠቅላይ ሚኒስትር ፊት ቀርበው ስለ ሴቶች የተከራከሩ መሪ ነበሩ። የልደታቸው ዘመን 1871 ተብሎ ይከበራል። (በዚህ ማስታወሻ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታትና የታሪክ ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የጉዞዬ ቀናት ግን በእኛው ናቸው።)

ማታ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ የመንገዱን ታፔላ አስተዋልኩ። ጄፒ ብለን የምንጠራው ጎዳና ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል፤ አሁን ራሂማ ሙሳ ይባላል። ከላዩ ያለው ሊሊያን ንጎዪ፣ ዝቅ ብሎ ያለው ደግሞ ሔለን ጆሴፍ ተብለዋል። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1956 የሴቶችን ሰልፍ የመሩ ናቸው። የአክስቴ ልጅ በየቀኑ የሚመላለስበት ጎዳና የማን ስም እንደሆነ ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና «እኔ የድርጅት ስም መስሎኝ ነበር» አለ። ለትዝብት አላነሣሁትም፤ በየቀኑ ሌላ የሚያሳስበው ነገር አለበት። ከገንዘብ መሳቢያው በላይ በምስማር ላይ የተሰቀለች ሰማያዊ የፕላስቲክ ማኅደር አለች። በውስጧ የጥገኝነት ወረቀቱ አለ፤ ከመታጠፍ ብዛት መሐሉ ላይ ነጭ መስመር አውጥቷል። ወደ መጸዳጃ ቤት እንኳ ሲሄድ ያቺን ማኅደር በብብቱ ይዞ ነው።

ነሐሴ 2፣ ፓርክታውንና ኤቫተን

ጠዋት በፓርክታውን ኮረብታ ላይ ያለውን ትልቁን ሆስፒታል ለማየት ሄድን። ይህ ሕንፃ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሥራ ሲጀምር የነጮች ብቻ ነበር። ከ2008 ጀምሮ ሻርሎት ማክሴኬ የጆሃንስበርግ አካዳሚክ ሆስፒታል ይባላል። በር ላይ ብርቱካን የምትሸጥ አንዲት እናት ስለ ስሙ ባለቤት ስጠይቃት «አስተማሪ ነበሩ» ብላ መለሰችልኝ። መልሷ ትክክል ስለሆነ ወደ ማስተማሪያ ቦታቸው ጉዞ ቀጠልን።

ኤቫተን ከጆሃንስበርግ በስተ ደቡብ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጥቁሮች በገዛ ስማቸው መሬት መግዛት ይችሉባቸው ከነበሩ ጥቂት ስፍራዎች አንዷ ስለነበረች፣ ወይዘሮ ሻርሎትና ባለቤታቸው ማርሻል ማክሴኬ በ1908 ዊልበርፎርስ ተቋምን እዚህ አቋቋሙ። ትምህርት ቤቱ ስሙን የወሰደው ባልና ሚስቱ ከተማሩበት፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ከሚገኘው ዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ወደዚያ ዩኒቨርሲቲ የደረሱበትን መንገድ ለአክስቴ ልጅ መንገድ ላይ ተረክሁለት። ሻርሎት በኪምበርሊ የመምህርነት ሥራ ላይ ሳሉ ድምፃቸው ታውቆ በአንድ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ገቡ። ቡድኑ በ1891 እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ሳይቀር ዘመረ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ጉዞ ወደ ሰሜን አሜሪካ ተደረገ። እዚያ ግን ገንዘቡ አለቀ፤ ይዘዋቸው የሄዱት ሰዎች ዘማሪዎቹን ክሊቭላንድ ከተማ ላይ ጥለዋቸው ጠፉ። በማያውቁት አገር፣ በብርድ፣ ያለ መመለሻ ቲኬት ቀሩ። የአክስቴ ልጅ መሪውን እንደያዘ «ደላላ ከዳቸው በይኛ» አለ። ከሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ቃሉን አርመው ነበር፤ እሱ ግን የሚናገረውን ያውቃል፤ ማላዊ ላይ ሁለት ሳምንት በመጋዘን ተቆልፎበት የከረመ ልጅ ነው። እነዚያን ዘማሪዎች የደረሰላቸው የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሻርሎትን በነፃ ትምህርት ዕድል ዊልበርፎርስ አስገባቻቸው። ከመምህራኑ መካከል በኋላ በመላው ዓለም ስሙ የገነነው ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር ዱ ቦይስ ነበር። ሻርሎት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በሳይንስ ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱ።

በጊቢው ውስጥ ዛሬም ተማሪ ይገባል ይወጣል። የደንብ ልብስ የለበሱ ሦስት ልጃገረዶች በቀይ ጡብ ግንብ ጥግ ፀሐይ እየሞቁ በአንድ ደብተር ላይ ተደፍተው ነበር። ከእነሱ ጋር ብዙ አላወራሁም፤ ፈተና ላይ ነበሩ።

ነሐሴ 3፣ ፕሪቶሪያ

ይህ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 9 ላይ ይውላል፤ በደቡብ አፍሪካ የሴቶች ቀን በመሆኑ ሥራ ዝግ ነው። ጉዞዬን በዚህ ሳምንት ያደረግሁትም አስቤበት ነው።

በመጀመሪያ የሄድነው ማራባስታድ ወደሚባለው የድሮ ሰፈር ነው። በ1892 ማንጌና ሞኮኔ የተባሉ ጥቁር ቄስ፣ በነጮች ከሚመራው የዌስሊያን ሚሲዮን ውስጥ የሚደርስባቸውን መድልዎ አንታገሥም ብለው ወጥተው ያቋቋሙት ቤተ ክርስቲያን መነሻው እዚህ ነው። ስሙን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አሉት። ስሙን ያገኙት ከዳዊት መዝሙር ነው፦ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች»። ኢትዮጵያን ያየ ከመካከላቸው አንድም ሰው አልነበረም፤ ስሟ ግን ጥቁር ሰው ራሱን በራሱ ሊያስተዳድር እንደሚችል የሚመሰክር የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ሆኖ አገለገላቸው። እዚያ መንገድ ዳር ቆሜ ይህን ሳስብ ሆዴ ባባ። እኛ በአገራችን ስም የምንኮራው በአድዋ ነው፤ እዚህ ግን ከአድዋ አራት ዓመት ቀድሞ ሰዎች በዚያው ስም ተጠልለው ነበር።

የወይዘሮ ሻርሎት ፖለቲካዊ ሕይወት የሚጀምረውም ከዚህ ጋር በተያያዘ አንድ ደብዳቤ ነው ብዬ አምናለሁ። ኦሃዮ ሳሉ ጆሃንስበርግ ለነበረችው እህታቸው ለኬቲ ይጽፉ ነበር። በደብዳቤያቸው፣ ጥቁሮች ራሳቸው የመሠረቱት፣ ጥቁር ጳጳሳት ያሉት፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድር ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ነገሯት። ኬቲ ደብዳቤውን ለሞኮኔ አሳየች። ሞኮኔ ወደ አሜሪካ ጻፉ፤ መልስ መጣ፤ በ1896፣ በአድዋው ዓመት፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካው ጋር ተዋሐደ። የሃያዎቹን ዕድሜ የጀመረች ሴት ለእህቷ ናፍቆት ብላ የጻፈችው ወረቀት ሁለት አህጉራትን አገናኘ፤ ብዙ ወጣት ደቡብ አፍሪካውያንም በዚያ መንገድ አሜሪካ ሄደው ተማሩ።

ከሰዓት በኋላ የመንግሥት መቀመጫ ወደሆነው ዩኒየን ሕንፃ ወጣን። በ1956 ሃያ ሺህ ያህል ሴቶች ጥቁር ሴቶች የመታወቂያ ደብተር እንዲይዙ የሚያስገድደውን ሕግ በመቃወም ወደዚህ መጥተው፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የተፈረመበት አቤቱታ አስረክበው፣ ለሠላሳ ደቂቃ ያህል በፍጹም ዝምታ ቆመዋል። ከብዙዎቹ ሴቶች ጀርባ ሕፃን ታዝሎ ነበር። ዛሬ በአትክልቱ ላይ ቤተሰብ ከነምሳው ተቀምጧል፤ ቢጫና አረንጓዴ የለበሱ እናቶች ክብ ሠርተው ይዘፍናሉ። ከግጥሞቹ አንዱን ሁሉም ያውቀዋል፦ «ዋቲንታ አባፋዚ፣ ዋቲንታ ኢምቦኮዶ»። በብዙ ቦታ «ሴቶችን ነካህ፣ ዓለት መታህ» ተብሎ ይተረጎማል።

ትርጉሙ ግን አልጥመኝ ብሎ ነበርና አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ኢምቦኮዶ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በአፋቸው ከመመለስ ይልቅ መዳፎቻቸውን ጎን ለጎን አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ ገፋ አደረጉ። መጅ ነው! እናቴ በርበሬና ድቁስ ስትፈጭ በሁለት እጇ የምትይዘው፣ ከመዳፏ ጋር ተስማምቶ የለሰለሰው የላይኛው የወፍጮ ድንጋይ። በሕንፃው ውስጥ ባለው የሴቶች መታሰቢያ ላይ የተቀመጠውም ይኸው መጅ ነው፤ ከጥበቃው መስመር ወዲያ ስለሆነ በፎቶግራፍ ብቻ አየሁት። ዓለት በተራራ ላይ ያለ፣ ከሰው ጋር የማይተዋወቅ ነገር ነው። መጅ ግን ሴቲቱ በየቀኑ የምትይዘው፣ ቤተሰብ የምታበላበት፣ እጇ የሚያውቀው ድንጋይ ነው። «መጅ ነካህ» የሚለው ዛቻ የሚገባው በወፍጮ ቤት ያደገ ሰው ነው።

ነሐሴ 4፣ ወደ ብሉምፎንቴን

በአውቶቡስ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወረድን። ሜዳው አያልቅም፤ የታጨደ በቆሎ፣ የእህል ጎተራ፣ አልፎ አልፎ የንፋስ ወፍጮ ብቻ። የአክስቴ ልጅ ሱቁን ለጓደኛው አደራ ሰጥቶ አብሮኝ መጥቷል፤ ማኅደሯም በጉልበቱ ላይ ነበረች።

ነሐሴ 5፣ ብሉምፎንቴን

ዛሬ ያየሁትን ሳልዘረዝር ማለፍ አልችልም።

ዋይሁክ የሚባለው ሰፈር አሁን ሰፈር አይደለም፤ ነዋሪዎቹ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ እንዲነሡ ተደርገው፣ ከመሀል የቀረው በታሪክ ቅርስነት የሚጠበቅ አንድ የዌስሊያን ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ነው። ጥር 8 ቀን 1912 በዚህ ሰፈር የተሰበሰቡ ሰዎች በኋላ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ወይዘሮ ሻርሎት በጉባኤው ከተገኙት ጥቂት ሴቶች አንዷ እንደነበሩ ይነገራል። መገኘት ግን አባል መሆን አልነበረም፤ ድርጅቱ በ1919 ባወጣው ደንብ ሴቶችን የተቀበለው በረዳትነት ብቻ ነው። እንግዳ ማስተናገድና ማረፊያ ማሰናዳት ይችላሉ፤ ድምፅ መስጠት አይችሉም። ሴቶች ሙሉ አባልነት ያገኙት በ1943 ነው። ወይዘሮ ሻርሎት ያረፉት በ1939 በመሆኑ፣ ለሩብ ምዕተ ዓመት በደከሙለት ድርጅት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ድምፅ ሳይሰጡ አለፉ። ሕንፃው ፊት ለፊት ቆሜ ይህን ስቆጥር ተናደድኩ፤ ንዴቴን ለመደበቅም አልሞከርኩም።

በዚያው ሰፈር ከአንድ ዓመት በኋላ የሆነው ደግሞ ከጉባኤው ያላነሰ ነው። በኦሬንጅ ፍሪ ስቴት ከተሞች ውስጥ ጥቁርና ክልስ ሴቶች፣ በሌሎቹ ክፍለ ሀገራት እንደማይደረገው፣ በክፍያ የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት እንዲይዙ ይገደዱ ነበር። ፖሊስ በየትኛውም ሰዓት፣ በገዛ ቤታቸው ደጃፍ ሳይቀር፣ አምጪ ይላል፤ የሌላት ትታሰራለች። ሴቶቹ በ1912 አምስት ሺህ ፊርማ አሰባስበው መልእክተኞች ኬፕታውን ድረስ ላኩ፤ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ግንቦት 28 ቀን 1913 ዋይሁክ ላይ ተሰብስበው ከእንግዲህ ወረቀት አንይዝም ሲሉ ወሰኑ፤ ወደ ከተማው ተሰለፉ፤ ፈቃዳቸውን በፖሊስ ፊት ቀደው ጣሉ። ሰማንያ የሚሆኑት ታሰሩ። ነገሩ ወደ ያገርስፎንቴንና ወደ ዊንበርግ ተዛመተ። ብዙዎቹ መቀጮ ከፍለው መውጣት ሲችሉ መቀጮውን እምቢ ብለው እስር ቤት ገቡ።

ይህን ሁሉ ከሕንፃው ደጅ ላይ ቆሜ ለአክስቴ ልጅ ሳጫውተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ቀደው ከጣሉ በኋላ፣ ማታውን በየት በኩል ወደ ቤታቸው ገቡ?» የታሪክ መጽሐፍ ይህን አይነግረንም። ወረቀት የሌለው ሰው ከመንገድ ዳር እስከ ቤቱ ያለውን ርቀት እንዴት እንደሚለካ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚጠይቀው።

የ1913ቱ እምቢታ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋብ ሲል ክሩን ያነሡት ወይዘሮ ሻርሎት ናቸው። በ1918 የባንቱ ሴቶች ሊግን መሥርተው ሊቀ መንበር ሆኑ፤ በዚያው ዓመት የሴቶች ልዑካን መርተው ስለ ወረቀቱ ጉዳይ ለጠቅላይ ሚኒስትር ሉዊ ቦታ አቤት አሉ። ከዚያ በኋላ በፍሪ ስቴት ሴቶች ላይ ቁጥጥሩ ላላ፤ የ1923ቱ የከተሞች ሕግም ሴቶችን ወረቀት ከመያዝ ግዴታ ውጭ አደረጋቸው። ነጭ መንግሥት ለጥቁር ሴቶች እጅ የሰጠበት ብርቅ አጋጣሚ ነው። በ1950ዎቹ ያው ሕግ በአዲስ መልክ ሲመጣ ነው የፕሪቶሪያዎቹ ሃያ ሺህ ሴቶች የተነሡት።

ወደ ማታ በከተማዋ ዳርቻ ያለውን የሴቶች መታሰቢያ ሐውልት አየን። ወደ ሠላሳ አምስት ሜትር የሚረዝም የድንጋይ ዓምድ ነው፤ በእንግሊዝና በቦር ጦርነት ጊዜ በማጎሪያ ካምፖች ላለቁ ከ26 ሺህ በላይ የቦር ሴቶችና ሕፃናት የቆመ። የተመረቀው ታኅሣሥ 16 ቀን 1913 ነው። ቀኑን ሳነብ ቆም አልኩ። በአንዲት ከተማ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ የነጭ ሴቶች ስቃይ በድንጋይ ሲታነጽ ጥቁር ሴቶች ክብራችን ይጠበቅ ስላሉ በእስር ቤት ነበሩ። ለቦር እናቶች አዝኛለሁ፤ ሕፃን የቀበረች እናት ኀዘን ቀለም የለውም። ነገር ግን በዚያው ጦርነት በተለዩ ካምፖች ውስጥ ቁጥራቸው የታወቀው ብቻ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ጥቁሮችም ሞተዋል፤ ዓምዱ ሲቆም ስለ እነሱ አልታሰበም። በመሀል ከተማ ሜትላንድ ይባል የነበረው ዋና ጎዳና አሁን የሻርሎት ማክሴኬን ስም ይዟል፤ ስንመለስ ከዳር እስከ ዳር በእግራችን ሄድንበት።

ነሐሴ 6፣ ኪምበርሊ

ሻርሎት በወጣትነታቸው ያስተማሩባት ከተማ ናት። ሰው በዶማና በአካፋ የቆፈረውን፣ ከሁለት ሺህ ሰባት መቶ ኪሎ ግራም በላይ አልማዝ የወጣበትን ግዙፍ ጉድጓድ ከአፋፉ ላይ ሆነን አየን። ውኃው አረንጓዴ ነው። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም፤ ማምሻውን ወደ ጆሃንስበርግ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝን።

ነሐሴ 8፣ ክሊፕታውን፣ ሶዌቶ

ትናንት አርፌ ስለ መጨረሻዎቹ ዓመታቸው ሳነብ ዋልኩ። ባለቤታቸው በ1928 ካረፉ በኋላ ወይዘሮ ሻርሎት አልተቀመጡም። በጆሃንስበርግ ፍርድ ቤት ጥፋት ላይ የተገኙ ልጆችን የሚከታተሉ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ባለሙያ ሆነው ሠርተዋል፤ ሥራ ፈላጊዎችን ከቀጣሪ የሚያገናኝ ቢሮ ከፍተዋል፤ «ኡምቴቴሊ ዋ ባንቱ» በተባለው ጋዜጣ ስለ ሴቶች ጉዳይ ጽፈዋል፤ በ1930 በፎርት ሔር በተደረገ ስብሰባ ላይ ባሏን ፍለጋ ልጆቿን ይዛ ከተማ የምትገባው ሴት የሚገጥማትን ችግር ከነኪራይ ጣጣው አቅርበዋል። በ1930ዎቹ ደግሞ የአፍሪካውያን ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ከሁሉ በላይ የማደንቅላቸው ይህን ዘመን ነው። በጉባኤ ላይ መናገር የሚችል ሰው ብዙ ነው፤ ከንግግሩ በኋላ ፍርድ ቤት ወርዶ ሰርቆ የተያዘ ልጅን እጅ የሚይዝ ጥቂት ነው።

መቃብራቸው በክሊፕታውን፣ በአሮጌው የናንስፊልድ መካነ መቃብር ነው። በ2010 በብሔራዊ ቅርስነት ተመዝግቧል። በባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለው ቀይ አፈር ላይ ብዙ ምልክት የሌላቸው መቃብሮችን አልፈን ደረስን። ነፋሱ ብርቱ ነበር። በድንጋዩ እግር ሥር ደረቅ ሣርና ከሰፈሩ በነፋስ የመጣ ፌስታል ተከማችቶ ስለነበር የአክስቴ ልጅ ማኅደሯን በብብቱ አጥብቆ፣ በአንድ እጁ ብቻ መልቀም ጀመረ። አንድ እጅ ስላልበቃው ቀና ብሎ አየኝና ማኅደሯን ዘረጋልኝ።

«እትዬ፣ ያዥልኝማ» አለ።

ተቀበልኩት። ቀላል ነበረች፤ አራት ወይም አምስት ገጽ ብትሆን ነው። እሱ በሁለት እጁ ሣሩን ነቅሎ፣ ፌስታሉን ሰብስቦ፣ ድንጋዩን በጃኬቱ እጅጌ እስኪወለውል ድረስ በደረቴ ላይ ይዣት ቆምኩ።